የመጀመሪያ ፍላሻችሁን ከመግዛታችሁ በፊት የካሜራችሁን አናት እዩ

«ፍላሽ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?» የሚል መልእክት ቴሌግራሜ ላይ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ የሁለት ሦስት ፍላሽ ፎቶ ከነዋጋው አብሮ ይላካል። የካሜራው ዓይነት ግን አይነገረኝም። ምን ሊያነሱበት እንዳሰቡም አይነገረኝም። እኔ ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ሳላውቅ አፌን አልከፍትም።

እኔን ለማታውቁኝ፣ በሥራ ቀን ቢሮ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ሰው ቤት እየሄድኩ አያቶችን፣ እናቶችን፣ ተመራቂዎችን አነሳለሁ። ስቱዲዮ የለኝም። ዕቃዬ ሁሉ አንድ ቦርሳና አንድ የታጠፈ ጃንጥላ ነው። ስለዚህ የምጽፈው በሰው ሳሎን ውስጥ፣ በሶፋና በቡፌ መሃል፣ ለሚያነሳ ሰው ነው።

በሉ ካሜራችሁን አውጡ። አናቱ ላይ ፍላሽ የሚሰካበትን የብረት ሐዲድ እዩት። ሆት ሹ የሚሉት ነው። መሃሉ ላይ ክብ የብረት ነጥብ አለ? ካለ እሰዬው። «ተኩስ» የሚለው ትእዛዝ የሚያልፈው በዚያ ነጥብ ነው። ካኖን ይሁን ኒኮን፣ ርካሽ ማኑዋል ፍላሽ፣ ማለትም ኃይሉን በእጃችሁ የምትመርጡለት፣ በዚያች ነጥብ ብቻ ይሠራል።

ካኖን 250ዲ፣ 2000ዲ እና 4000ዲ ላይ ግን ያቺ ነጥብ የለችም። ካኖን ራሱ ነው ያስቀራት። የቀሩት ትንንሽ ነጥቦች የሚያገለግሉት ለካኖን ተብለው ለተሠሩ ፍላሾች ነው። 2000ዲ ደግሞ ጀማሪ እጅ ላይ በብዛት የማየው ካሜራ ነው። ልጁ ገንዘቡን አጠራቅሞ ማኑዋል ፍላሽ ይገዛል፣ ቤቱ ገብቶ ይሰካል፣ ፍላሹ ጭጭ። ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ይሄዳል፣ ሻጩ ደግሞ በራሱ ካሜራ ተኩሶ ያሳየዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ካሜራችሁን ያዙ። እዚያው ሰክታችሁ ተኩሱ። ካልሠራ ከፍላችሁ አትውጡ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ምን ልታነሱበት ነው? ሠርግ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ዝጉትና ቲቲኤል ያለው፣ ማለትም ኃይሉ በካሜራው ልኬት ራሱ የሚስተካከል፣ ፍላሽ ግዙ። ሙሽሮች ሲገቡ፣ እስክስታው ሲደራ፣ በእናንተና በሰው መካከል ያለው ርቀት በየሰከንዱ ይለዋወጣል። ቁጥር እየነካካችሁ አትደርሱበትም። የተቀመጠ ሰው ለማንሳት ከሆነ ግን ምክሬ ሌላ ነው። ቲቲኤል የሌለው ርካሽ ፍላሽ ግዙ። የተረፈውን ገንዘብ ትሪገር (ካሜራው ላይ ተቀምጦ ፍላሹን ከርቀት በሬዲዮ የሚያተኩስ ዕቃ)፣ ስታንድ፣ ነጭ ጃንጥላና ጥሩ ባትሪ ላይ አውሉት።

ይህን ስል «ቲቲኤል ከሌለው እንዴት ልሠራበት ነው?» የሚል አለ። ቲቲኤል ያለው ፍላሽ ከዋናው ብልጭታ በፊት ደከም ያለ ብልጭታ ይለቃል። ካሜራው በሌንሱ በኩል የተመለሰለትን ብርሃን ይለካና «ይህን ያህል ተኩስ» ይለዋል። ሲሰሙት ያምራል። ችግሩ ለኪው ፊት ለፊቱ ያለው ምን እንደሆነ አያውቅም። ሁሉንም ነገር ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ነው የሚለፋው። ፍሬሙ ውስጥ ነጭ ከበዛ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ጥቁር ከበዛ ይጨምራል።

የእኛ ሰው ለፎቶ ሲዘጋጅ ታዲያ ምን ይለብሳል?

የእናቴን አክስት ለፋሲካ ቤታቸው ሄጄ አነሳኋቸው። አዲስ የሀበሻ ቀሚስ፣ ከላይ ነጠላ ተከናንበው፣ ጫፉን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ፍሬሙ ከሞላ ጎደል ነጭ በነጭ ነው። ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ቲቲኤል ፍላሽ ካሜራው ላይ ሰክቼ ተኮስኩ። ነጠላው ቁልጭ አለ። የጥለቱ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፊታቸው ግን ከነጠላው ሥር ጠቁሮ፣ ዓይናቸው ጭራሽ ጠፍቷል። የካሜራውን ስክሪን ሳሳያቸው ትንሽ አጎንብሰው አዩና «አንቺ ልጅ፣ ነጠላዬን ነው እንዴ ያነሳሽው? እኔ የታለሁ?» አሉኝ።

በእርግጥ መፍትሔ አለው። የፍላሹን ኮምፐንሴሽን፣ ማለትም ካሜራው ከለካው በላይ ወይም በታች እንዲተኩስ የምታዙበትን ማስተካከያ፣ አንድ ወይም አንድ ተኩል ስቶፕ (ደረጃ) ከፍ ማድረግ ነው። አደረግሁት፣ ፊታቸው ወጣ። ከዚያ ልጃቸው በጥቁር ሱፍ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። የነጭና የጥቁሩ መጠን ተለወጠ፣ ልኬቱም አብሮ ተለወጠ። እሱ ሲነሳ እንደገና ተለወጠ። እንዲህ እያለ ቀኑን ሙሉ ካሜራው ምን እያሰበ እንደሆነ ስትገምቱ ትውላላችሁ።

የተመራቂዎቹ ደግሞ ግልባጩ ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ በምርቃት ሰሞን ሄዳችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ጥቁር ጋውን፣ ጥቁር ቆብ፣ ከኋላ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ። ለኪው «ጨለማ ነው» ብሎ ፍላሹን ይለቀዋል። ጋውኑ ግራጫ ይሆናል፣ ግንባር ላይ ነጭ ምልክት ይቀራል። ያ የነጣ ቦታ ደግሞ በኋላ በኤዲቲንግ አይመለስም። ከዚያ እናት በነጭ ቀሚስ ትመጣለች፣ አበባ ይዛ። በአንድ ፎቶ ላይ ነጭም ጥቁርም። መልካም ዕድል።

ማኑዋል ፍላሽ ይህ ሁሉ አያስጨንቀውም። ኃይሉን 1/8 (ከሙሉ ኃይሉ አንድ ስምንተኛ) ላይ ካደረጋችሁት 1/8 ነው። ነጠላ ይሁን ጋውን ጉዳዩ አይደለም። ሰውየው ወንበሩ ላይ፣ ፍላሹ ስታንዱ ላይ እስካሉ ድረስ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ፎቶ አንድ ዓይነት ብርሃን ይኖረዋል። ቤተሰቡ በየተራ እየመጣ ይቀመጥ፣ እናንተ ምንም አትነኩም። ኤዲት ስታደርጉ አንዱን አስተካክላችሁ ሌላው ላይ መለጠፍ ብቻ ነው።

መነሻ ቁጥር ለምትፈልጉ፣ እኔ ጃንጥላውን ከፊት አንድ ሜትር ከምናምን ላይ አቆምና በአይኤስኦ 200፣ በኤፍ 5.6፣ በሹተር 1/160፣ ፍላሹን 1/8 አድርጌ አንድ እተኩሳለሁ። አያለሁ። ከጠቆረ 1/4፣ ከነጣ 1/16። እያንዳንዱ ደረጃ እጥፍ ወይም ግማሽ ነው። በዚህ መሃል የማይረሳው ነገር ርቀት ነው። ፍላሹን ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ብታርቁት ብርሃኑ ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። 1/8 የነበረውን 1/2 ማድረግ ይኖርባችኋል ማለት ነው። ይህን አንዴ ከለመዳችሁት ቲቲኤል አይናፍቃችሁም።

በርካሽ ማኑዋል ፍላሽ ወገን የታወቁት ሁለት ናቸው። ጎዶክስ ቲቲ600 አንዱ ነው። ዮንግኑዎ ዋይኤን560 ደግሞ ሦስተኛውና አራተኛው ስሪት። ሁሉም ውስጣቸው የሬዲዮ መቀበያ ስላላቸው ፍላሹ ላይ ሌላ ዕቃ አትሰኩም። ካሜራው ላይ የሚቀመጠው ትሪገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የሶኒ ካሜራ ያላችሁ ቲቲ600 ስትገዙ መጨረሻው ላይ «ኤስ» የሚል ፊደል ያለበትን ፈልጉ። በብር ስንት ነው አትበሉኝ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ መጻፍ ትቻለሁ። ለሱቅ ደውሉ፣ ስትሄዱም መልሳችሁ ጠይቁ።

እኔ ጎዶክስን የምመርጠው ፍላሹ ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም። ትሪገሩ ነው ያሳመነኝ። በአንድ የሬዲዮ ሥርዓት ከትንሹ ፍላሽ እስከ ትልቁ የስቱዲዮ መብራት ይታዘዛል። ነገ ሁለተኛ ስትገዙ የመጀመሪያው አይጣልም። ኤክስ2ቲ የሚባለውን ትሪገር የምወደው ደግሞ አናቱ ላይ ራሱ ሆት ሹ ስላለው ነው። ስታንድ መትከያ ቦታ በሌለበት ጠባብ ቤት ፍላሹን እላዩ ላይ ሰክቼ ወደ ኮርኒስ እተኩሳለሁ።

ስለ ኮርኒስ ካነሳን፣ ፈረንጆቹ ቪዲዮ ላይ «ወደ ጣሪያ አዙረህ ተኩስ» ሲሉ የእነሱ ጣሪያ ነጭ ነው። የእኛ አንዳንዱ ሰማያዊ ነው፣ አንዳንዱ ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ነው። የእናቴ አክስት ሳሎን ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ነው። ብርሃን የመታውን ነገር ቀለም ይዞ ነው የሚመለሰው። አረንጓዴው ግድግዳ ላይ ብትተኩሱ አገጭና አንገት አረንጓዴ ይሆናል፣ ያንን ከቆዳ ላይ ማስወጣት ደግሞ ፍዳ ነው። ነጭ ካላገኛችሁ ጋቢ ወይም አንሶላ አንድ ሰው ዘርግቶ ይያዝና እሱ ላይ ተኩሱ። አልቀለድኩም፣ ይሠራል። ያ ያስቸገረን ነጠላ ራሱ፣ ጭን ላይ ሲሆን ከሥር ብርሃን እየመለሰ የአገጭን ጥላ ያለሰልሳል።

ዋናው ነገር ግን ፍላሹን ከካሜራው ማውረድ ነው። ፍላሽ ሌንሱ አናት ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ሲተኩስ አፍንጫም ጉንጭም ይጠፋል። ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል። ከኋላ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይለጠፋል። 500 ዶላር ያወጣ ፍላሽም ቢሆን እዚያ ቦታ ላይ ያው ነው። ርካሹን ስታንድ ላይ ሰቅላችሁ፣ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ወስዳችሁ፣ ከዓይን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ በጃንጥላ ውስጥ ብትተኩሱ ሌላ ፎቶ ነው የምታገኙት።

ለምን ጃንጥላ? የፍላሹ አፍ ከመዳፍ ያንሳል። ብርሃን ከትንሽ ቦታ ሲወጣ ጥላው ስለታም ይሆናል። ነጭ ጃንጥላ ውስጥ ሲያልፍ ግን ብርሃኑ ከጃንጥላው ስፋት ሁሉ ይመጣል። በቀትር ፀሐይና ደመና በጋረዳት ፀሐይ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለእኛ ቆዳ ደግሞ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው በአብዛኛው በሚያንጸባርቀው ብርሃን ነው። ፊት ወዝ አለው፣ ያ ወዝ ነው ፎቶውን የሚያሳምረው። ትንሽ መብራት ወዙን ግንባርና አፍንጫ ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ይሰበስበዋል። ሰፊ መብራት ጉንጩ ላይ ቀስ ብሎ ይዘረጋዋል። ብዙ ልጆች ጠቆር ያለ ሰው ሲያነሱ የፍላሹን ኃይል ይጨምራሉ። እኔ መጀመሪያ ጃንጥላውን አቀርባለሁ። ፎቶው ውስጥ እስኪገባ ድረስ አቀርበውና ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ። ሲቀርብ ከፊቱ አንጻር ትልቅ ይሆናል፣ ይለሰልሳል።

ሶፍትቦክስ (ፊቱ ነጭ ጨርቅ የሆነ የብርሃን ሳጥን) ይሻላል የሚል ይኖራል። ብርሃኑን ወደሚፈለግበት ቦታ በመምራት ይሻላል፣ እውነት ነው። ጃንጥላ ብርሃን በየአቅጣጫው ይረጫል። ግን ጃንጥላ በሴኮንድ ይከፈታል፣ ታክሲ ውስጥ ይገባል፣ ሲሰበርም አያስለቅስም። ውጭ ስትሠሩ ብቻ የሚይዝላችሁ ሰው ይኑር። እንጦጦ ላይ ነፋሱ አንዴ ካነሳው ፍላሹን ይዞት ነው የሚወድቀው።

ውጭ ካልን ስለ ሹተር ትንሽ። አብዛኛው ካሜራ ከፍላሽ ጋር 1/200 አካባቢ ላይ ይቆማል። ከዚያ ካለፋችሁ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይገባል፣ ምክንያቱም ፍላሹ ሲበራ የሹተሩ መጋረጃ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ በአይኤስኦ 100ና በ1/200 ኤፍ 11 አካባቢ ያስኬዳችኋል። ሌንሱን በሰፊው ከፍቼ ከጀርባ ያለውን አደብዝዤ ላንሳ ካላችሁ ኤችኤስኤስ፣ ማለትም ፍላሹን ከዚያ በፈጠነ ሹተር የሚያሠራው ዘዴ፣ ያስፈልጋል። ቲቲ600 በጎዶክስ ትሪገር ከካሜራው ወርዶ ሲሠራ ይህን ይችላል፣ ካሜራው ላይ ተሰክቶ ግን አይችልም። ቢችልም ኃይሉን በጣም ይበላዋል። እኔ ጥላ ፈልጌ መሄዱን እመርጣለሁ።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የሚጠራላችሁ ቁጥር አለ። ጋይድ ነምበር፣ የፍላሹን ጉልበት የሚናገር ቁጥር። «ይሄ 60 ነው፣ ያኛው 58 ነው» ይላችኋል። ቁጥሩ በስንት ሚሊሜትር ዙም እንደተለካ ጠይቁ። የጎዶክሱ 60 የተለካው ፍላሹ 200 ሚሊሜትር ላይ ሆኖ፣ ብርሃኑ ጠብቦ ተሰብስቦ ነው። የዮንግኑዎው 58 ደግሞ 105 ላይ ነው። ጎን ለጎን አይወዳደሩም። ጃንጥላ ውስጥ ስትተኩሱ ደግሞ ዙሙን ታሰፉታላችሁ፣ ጨርቁም የራሱን ይወስዳል። የዚህ ዓይነት ፍላሽ ሁሉ ለአንድ ሰው ፎቶ ይበቃል። በዚህ ቁጥር ተከራክራችሁ ጊዜ አታጥፉ።

ባትሪ ላይ ግን ጊዜ አጥፉ። ቲቲ600 አራት ኤኤ ባትሪ ይወስዳል። ከሰፈር ሱቅ የሚገዛው ርካሽ ድንጋይ ለሬዲዮና ለሰዓት ነው። ፍላሽ ላይ ጥቂት ከተኮሳችሁ በኋላ እስኪሞላ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፣ የተቀመጡት እናት ደግሞ ፈገግታቸው ያልቃል። የሚሞላ ኒኬል ባትሪ ግዙ፣ ኢነሎፕ ወይም እሱን የመሰለ። ላዩ ላይ 1.2 ቮልት የሚለው አያስደንግጣችሁ። ፍላሹ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ሲጠይቀው ከአልካላይኑ ይልቅ ቶሎ ይሰጣል። ኤኤ ሆኖ 4000 ምናምን ሚሊአምፒር የሚል ካያችሁ ደግሞ እለፉት። የዚህ መጠን ኒኬል ባትሪ ከ2000 እስከ 2800 ባለው ውስጥ ነው፣ ከዚያ በላይ የተጻፈው ማስታወቂያ ነው። ስምንት ይኑራችሁ። መብራት ሲመጣ ቶሎ ቻርጅ ላይ አድርጓቸው፣ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ የባትሪ ቤቱን ክፈቱ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ባትሪ ፈስሶበታል፣ ተዉት። የፍላሹ መስታወት ቡናማ ከሆነ ብዙ ሠርቷል ማለት ነው። በሙሉ ኃይል ደጋግማችሁ ተኩሱት። አሮጌ ፎቶ ቤቶች ሲዘጉ የሚወጡ የፊልም ዘመን ፍላሾችን ተጠንቀቁ። የድሮ ቪቪታር 283 አንዳንዱ ወደ ካሜራው ከ200 ቮልት በላይ ይልካል። ዲጂታል ካሜራችሁን ሊያቃጥልባችሁ ይችላል። ቅርሱ ደስ ካላችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።

ብዙዎቻችሁ የምታስመጡት በዘመድ እንደሆነ አውቃለሁ። ዱባይ ያለ የአክስት ልጅ፣ ለበዓል የሚመጣ ወንድም። እሱ ፎቶ አንሺ ስላልሆነ ፊደሉን ጻፉለት። ቲቲኤል ያለው ፍላሽ፣ ለምሳሌ ቲቲ685 ወይም ቪ860፣ መጨረሻው ላይ ሲ ካለው ለካኖን፣ ኤን ካለው ለኒኮን፣ ኤስ ካለው ለሶኒ፣ ኤፍ ካለው ለፉጂ ነው። ትሪገሩም እንደዚያው። ቪ860 በሊቲየም ባትሪ ስለሚሠራ ትርፍ ባትሪ ካስገዛችሁት በሚጫነው ሻንጣ አይከተተው፣ በእጁ በሚይዘው ቦርሳ ነው የሚሄደው። አለበለዚያ ኤርፖርት ላይ ያስወጡታል። ሱቁ ውስጥ ቆሞ ሳለ የሳጥኑን ጎን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ፊደሉን አይታችሁ «እሺ» ካላችሁት በኋላ ይክፈል።